በጎን የምታይ ንግሥት

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬም ቅዳሜ። ዛሬም እማዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ምሳ እንደበላን ጨርቁን ከመርፌው ሥር አውጥታ፣ ክዳኑን ደፍታ፣ በእጅ የሚሰፋ ነገር ፍለጋ ገባች። አጎቴ እንግዶች አሉበት። የስፌት መኪና ድምፅ "ሐሳባቸውን ይበትንባቸዋል"። የምን ሐሳብ?

መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ እሱስ እውነት ነው። የክፍላችን ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ አንዱ እግሩ መሬት አይነካም። እማዬ ካርቶን አጣጥፋ ትሸጉጥበታለች፤ ሳምንት ሳይሞላው ተጨፍልቆ ወረቀት ይሆናል። አጎቴ "ወለሉን አሠራላችኋለሁ" ካለ ቆየ። ጊዜ አጣ። ጡረታ ወጥቶ ጊዜ አጣ!

ዕድሜውን ሙሉ ባንክ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ የሰው ብር ሲቆጥር ኖረ። ሲያበቃ ደግሞ የሞቱ ሰዎችን ሳንቲም መሰብሰብ ጀመረ። የጥንት። ዳቦ የማይገዛ። ለእነሱ ቁም ሳጥን አሠርቷል፤ መሳቢያው ሁሉ በቀይ ከፋይ የተለበጠ፣ ለእያንዳንዷ ሳንቲም የራሷ ጉድጓድ። ሳንቲሞቹ ከፋይ ላይ ይተኛሉ። እኔና እማዬ አባዬ ሞቶ እዚህ ከገባን ጀምሮ አንድ ፍራሽ ላይ።

የኔ ሥራ መሳቢያ ማውጣት፣ መስታወት መወልወል፣ ሻይ ማቅረብ። ከስምንተኛ ክፍል ለቀረች ልጅ ጥሩ ሥራ ነው ይላል። ሳንቲም መንካት ግን ክልክል።

"ይሄ አረንጓዴው ዝገት ይመስልሻል አይደል? ቆዳቸው ነው! ስንት ዘመን የበቀለ ቆዳ። እሱን መፈተግ ማለት ከነነፍሱ መግፈፍ ነው። ገባሽ?"

ገብቶኛል ጋሼ። የኔንስ ቆዳ አይተኸዋል? በረኪና የላጠውን? … አላልኩም። መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? አንተ የምለውም እዚህ ብቻ ነው። ፊቱ ላይ "እርስዎ"፣ እሱንም ከወጣልኝ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አጎቴ ወጣ ሲል መሳቢያ ከፍቼ አየኋቸው። አልነካሁም።

አንዱ ንጉሥ አንገቱ የበሬ ነው። ጸጉሩ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅልሎ… ስንት ሰው ነው ቁጭ ብሎ የጠቀለለለት? ሌላው አገጭ የለውም፤ ግን ከጀርባው አንበሳ አስቀርጿል። አገጭ ለሌለው ሰው አንበሳ ምን ያደርግለታል? ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደው ደግሞ የስንዴ ዛላ አለው። አንድ ቀን ስንዴ አጭዶ ከሆነ ስሜን እቀይራለሁ። መርከብ፣ የወይን ዘለላ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ። ክንፍ ያለው ፈረስ! ውሸታቸውን ብር ላይ አትመው ሰው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ሁሉም ደግሞ በጎን ነው የሚያዩት። ፊት ለፊት የሚያይ የለም። ምን አጥፍተው ነው?

አንዷ ሳንቲም ላይ ያለችው ጉጉት ብቻ። ትንሽ ናት። ገላዋ በጎን ነው፣ ፊቷ ግን ዞሮ ቀጥ ብሎ ያፈጣል። አፈጠጠችብኝ። ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከብር ጉጉት ጋር እንኳ መተያየት አቃተኝ… ደግሞ በሰው እስቃለሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መጡ። ሁለት ናቸው። አንዱ የጥርስ ሐኪሙ፤ ሰው ሲያናግረው ዓይን ሳይሆን አፍ ነው የሚያየው። ሌላው "ጉምሩክ"፤ ዕድሜውን ሙሉ ጉምሩክ ፈታሽ ስለነበር ነው እንደዚያ የሚሉት። እስካሁን ሰው ቤት ገብቶ ሳይፈትሽ አይቀመጥም። የስኳር ዕቃውን ከፍቶ አየ። ምን ሊያገኝ?

ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ዘረጋሁ። ከአሮጌ የከረንቡላ ጠረጴዛ የተቆረጠ ነው። መሸጥ መለወጥ የሚባል ቋንቋ እዚህ ቤት ነውር ነው፤ ነጋዴ አይደሉማ! "ልውውጥ" ነው የሚሉት። አንዱ ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ፊት ለፊቱ ያስቀምጣል። ሁለቱም እጃቸውን ካነሱ አለቀ። መጸጸት የለም። "ሕጉ ነው" ይላሉ አፋቸውን ሞልተው። ሕግ! ሦስት ሽማግሌ ሻይ እየጠጣ ያወጣው።

አጎቴ ያንን ባለ በሬ አንገት ንጉሥ ይዟል። ሚስቱ ደግሞ ሐኪሙ ጋ ናት። የንጉሡ ሚስት፣ ንግሥቲቱ፣ ሌላ ሳንቲም ላይ። ሐኪሙ በጥጥ ጠቅልሎ ያመጣታል፣ ያሳያል፣ ይዟት ይሄዳል። አጎቴ ባያት ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ሚስት አላገባም፤ አሁን የሌላ ሰው ሚስት ያምረዋል። ያውም የሞተች።

ሻይ ሳስቀምጥ ሐኪሙ ቀና አለ።

"ቆይ ቆይ… አንቺ ልጅ፣ እስቲ ዞር በይ። በጎን። አገጭሽን ቀና አድርጊ።"

ዞርኩ። ለምን ዞርኩ?

"እዩዋት! አፍንጫዋ ቁርጥ ንግሥቲቱ!"

ጉምሩክ ሳንቲሟን ጉንጬ አጠገብ አምጥቶ አስተያየ። "ጠርዟ አልተበላም" አለ። ሳቁ። አጎቴም ሳቀ። ትሪዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

በመስታወት ራሴን በጎን ለማየት ሞከርኩ። አይቻልም። ዓይን ሲዞር ፊትም አብሮ ይዞራል። ታዲያ ያዩትን እኔ ሳላየው ልኖር ነው?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

እንዴት እንደምጽፈው…

ትሪ ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ስለ እናቱ ያማርራል። አልጋ ላይ ናት፣ ሠራተኛ አይበረክትላትም፣ የመጨረሻዋም ጥላ ጠፋች። ከዚያ በአገጩ ወደኔ እያመለከተ፦

"ይቺ ዝምተኛዋ ልጅህ እኮ…"

"የእህቴ ልጅ ናት" አለ አጎቴ።

"እሷው። ለእናቴ እንደሷ ያለች ናት የምትሆን፣ የማትመልስ። ላክልኝ፣ እዚያው ትደር። ንግሥቲቱን ላምጣልህ።"

አጎቴ ሲቆጣ ጠበቅኩ። ተነስቶ ኮቱን ሲያቀብለው፣ "ውጣልኝ!" ሲለው። ምራቁን ዋጠ።

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"አሮጊቷ እስካለች።"

"ጤናዋ እንዴት ነው?"

"ልቧ ብረት ነው!" ሐኪሙ ኮራ።

ጉምሩክ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነከረ። "ጥሩ ልውውጥ ነው" አለ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ልውውጡ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሆነ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

"እማዬ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"እና?"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ቤቱ የሱ ነው፣ እናትዬ።"

ዛሬ እማዬንም ናቅኳት። ይሄን ላጠፋው ብዬ ነበር። ይቆይ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አጎቴ ሐኪሙ ቤት ወሰደኝ፤ "እንድትተዋወቂ"። ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። አሮጊቷ ትራስ ተደግፋለች። እጄን ይዛ መዳፌን ገለበጠችው።

"ትሰርቃለች?"

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ!" አለ አጎቴ።

"ትመልሳለች?"

"ድምጿንም አይሰሙትም።"

"እሰይ!"

የምተኛው ከአልጋዋ ግርጌ ነው። ደወል አላት። ሐኪሙ ጠዋት ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፋል። "የበፊቶቹ ስለሚያመልጡ ነው" አለ፣ ጃንጥላ የሚይዘው ስለሚዘንብ ነው እንደማለት። ስንመለስ አጎቴ መንገድ ላይ ያፏጭ ነበር። እማዬን መቼ ነው የማያት ልለው ፈለግኩ። አፌ ውስጥ አዘጋጀሁት፣ አስተካከልኩት፣ በር ደረስን። ዋጥኩት።

እኔም ምራቄን እውጣለሁ ማለት ነው። የአንድ ቤት ሰዎች ነን።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

እማዬ ልብሴን አጠበች፣ ተኮሰች። ካርቶን አመጣች። ለመኪናው መስሎኝ ነበር። ለዕቃዬ ነው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ከመጀመሪያው ልጻፍ፣ አለዚያ ነገ ራሴን አላምንም።

አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ሲላጭ፣ ሲለብስ፣ ጨርቁን ሲቦርሽ። ንጉሡን አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ፣ ሚስቱን እንዲቀበላት። እኔ ከነካርቶኔ በሩ ጋ።

ሐኪሙ እየሳቀ ገባ። ጥጡን ፈታ፣ ሳንቲሟን ጨርቁ ላይ አኖራት፣ እጁን አነሳ።

"ለአንተ ስል አስዋብኳት!"

አብለጨለጨች። እንደ አዲስ የጥርስ ክዳን። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። ክሊኒኩ ውስጥ፣ ጥርስ በሚያጸዳበት ማሽን፣ በዱቄቱ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሲፈትጋት ውሏል። ለሌላ ሰው የማይመጣ ሐሳብ! ያገኘውን ሁሉ ጥርስ የሚያደርግ ሰው።

አጎቴ ማጉያ መነጽሩን አነሳ። አየ። ገልብጦ አየ።

"አፍንጫዋ የት ሄደ?"

"ነቅሎታላ!" ጉምሩክ ተንከተከተ። "ዶክተር፣ ልማድ ሆኖብህ ነው?"

"ገፈፍካት" አለ አጎቴ። "ከነነፍሷ ገፈፍካት…" አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ እንባው ወረደ። አባዬ ሲቀበር ያላየሁት እንባ።

ሐኪሙ ቀላ። "ወዳጄ፣ እኔ አስቀምጫለሁ፣ እጄንም አንስቻለሁ። ሕጉን ታውቃለህ። ልጅቷን ውሰድ በለኝ።"

"እኔ ምን አስቀመጥኩ?"

"ልጅቷን!"

"ጨርቁ ላይ አላስቀመጥኳትም!"

ወደ ጉምሩክ ዞሩ፣ ይፍረድ ብለው። ጉምሩክ ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ጨርቁን። የሚለካ ይመስል። "አትበቃም" አለ።

አጎቴ ተነሳ። ደረቱን ነፋ። "ለእንዲህ ያለ ቆርቆሮ የእህቴን ልጅ አልሰጥም! ያልተነካች አምጣና እንነጋገራለን።" ከዚያ ዞሮ አየኝ። የጠበቀው ምን ነበር? ምስጋና።

ያን ጊዜ ነው የሆነው።

"ያልተነካች ቢያመጡ ይሰጡኛል ማለት ነው?"

የኔ ድምፅ ነው። ወፍራም ነው፣ አላውቅም ነበር። ጉምሩክ ከኔ ኋላ ተመለከተ፣ ሌላ ሰው የገባ መስሎት።

"ሻይ አምጪ" አለ አጎቴ።

"አላመጣም። የትም አልሄድም። እኔ ሳንቲም አይደለሁም፣ ጋሼ።"

ፊት ለፊት አየሁት። እሱ ነው ወደ ጎን የዞረው። ሙሉ ንጉሥ! አገጭ የሌለውን መሰለ።

ከዚያ ከጓዳ በኩል… መኪናው ጀመረ። በቅዳሜ! ካርቶን ከሥሩ የለ፣ ይንገጫገጫል፣ ይደበድባል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነገሥታቱ ሁሉ እየዘለሉ ከመስታወቱ ጋር ተንጫጩ።

"ምንድነው ይሄ!" አጎቴ ጮኸ። "አንቺ! ይሄ መኪና ወይ ዝም ይላል ወይ ከቤቴ ይወጣል!"

መኪናው ቆመ። እማዬ በሩ ላይ መጣች፣ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ። በእግሯ ካርቶኔን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

"ይወጣል፣ ጋሼ" አለች።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ዕቃ እያሰርን ነው። አጎቴ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል።

ሳሎኑን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረግኩ። ጨርቁ እንደተዘረጋ ነው። ሳንቲሟም። ሐኪሙ በር በርግዶ ሲወጣ ትቷት ነው የሄደው፣ እጁን አንስቷላ። አጎቴም ሊያያት አልፈለገም። ማንም አይፈልጋትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነካኋት። ፊቷ ጠፍቷል፣ የጆሮ ጉትቻዋ ብቻ ቀርቷል።

የመስታወት መወልወያዬን፣ ያቺን እርጥብ ቡትቶ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩ። እጄን አነሳሁ። ንግሥቲቱን ወሰድኩ።

ሕጉ ነው።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

አሁን ያለነው ከአንድ ጸጉር ቤት ጀርባ ባለ ክፍል ነው። ባለቤቷ የእማዬ ደንበኛ ናት፤ ሽርጥ ታሰፋለች። ጠባብ ነው። የተቃጠለ ጸጉርና ቅባት ይሸታል፣ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ። አንዷ ዛሬ "ምነው አትናገርም ልጅሽ?" አለቻት እማዬን።

"ሲያስፈልጋት ትናገራለች" አለች እማዬ። ቀና ሳትል።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ

የዚህኛውም ወለል ወጣ ገባ ነው። የትም ሄድሽ የትም ወለል ያው ነው። እማዬ ሦስት ሽርጥ ለማድረስ ተቀምጣ መኪናው መደብደብ ጀመረ። "ካርቶን ፈልጊልኝ እስቲ" አለች። ካርቶን የለም።

ንግሥቲቱን ከኪሴ አወጣሁ። ፊቷን ወደ ታች ልበል ወደ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ፊት የለ፣ ምን አሳሰበኝ? እግሩን አንስቼ ሸጎጥኳት። ልክክ አለች።

"ምንድነው ያስገባሽው?"

"ሳንቲም።"

"ውይ፣ ሳንቲም አታባክኚ!"

"አይሠራም እማዬ። የድሮ ነው።"

እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ፣ ከዚያ ፈጠን። አልተንቀጠቀጠም። ጨርቁ እንደ ውኃ ሄደላት።

አሁን ከሰዓት ነው። አጎቴ ቤት ይሄን ጊዜ ጨርቁን ራሱ ዘርግቶ፣ ሻዩን ራሱ አፍልቶ፣ ከጉምሩክ ጋር ስለ ነገሥታት አንገት ያወራል። እዚህ እማዬ እየሰፋች ነው፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ከዚያ ሁሉ ንጉሥና ንግሥት መሀል ሥራ የያዘች ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።