ያንቺ አገር ሰዓት

ሰኔ 11 ቀን፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለምወዳትና ለምታበግነኝ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ከአባትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። በሁለታችሁ መሃል ስመላለስ ነፍሴ ልትወጣ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ጣልቃ እየገባሽ አታስጨርሺኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የሄድሽ ለት «የሰዓት መጠገኛውን ጥላብኝ የምትሄድ ልጅ አልሸኝም» ብሎ ቤት መቅረቱን አልረሳሽም። እሱም አልረሳም። እሁድ እሁድ ስትደውዪልኝ ጫማውን አጥልቆ ውልቅ የሚለው፣ አንቺም «እሱ ይደውል» ብለሽ ድርቅ የምትዪው ለዚሁ ነው። ግትርነቱን ከማን እንደወሰድሽው ማንም አይጠይቀኝም።

አሁን የሠራውን ስሚ። ከመጠገኛ ጠረጴዛው በላይ ሁለተኛ የግድግዳ ሰዓት ሰቅሏል። ደንበኛ ሲጠይቀው ደረቱን ነፍቶ «የልጄ አገር ሰዓት ነው» ይላል። ለካስ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ፣ እኔ ሳልደርስ፣ በሱቁ ስልክ ይደውልልሻል! በዚያ በግድግዳው ሰዓት አንቺ ከሥራ ገብተሽ እራት ላይ ነሽ። ስልክሽ ግን ሁልጊዜ ዝግ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያንቺን ትኬት የቆረጠችው የትኬት ቢሮዋ ልጅ ባትሪ ልታስቀይር መጥታ ቀና ስትል አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ሰዓት ተሳስቷል። እነሱ እኮ ከእኛ ወደ ኋላ የሚቀሩት ሰባት ሰዓት ብቻ ነው።»

«አስራ አራት ነው!» አላት ቆጣ ብሎ። «ራስሽ አይደለሽ እንዴ ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ አስራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አስራ አራት ሰዓት ያልሽኝ?»

«እሱማ አውሮፕላኑ የሚበርበት ነው፣ አባባ!»

ዕድሜ ልኩን የሰው ሰዓት ሲያስተካክል የኖረ ሰው! የበረራውን ሰዓት ቆጥሮ ያንቺን ወደ ኋላ መልሶታል። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚደውልልሽ ስልክሽን ዘግተሽ ለጥ ብለሽ ስትተኚ ነው። ልጅቷ ከወጣች በኋላ «እኔ እኮ ሆን ብላ የዘጋችብኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም።

በቃ ተገላገልኩ አልኩ። ሰዓቱን አወረደ፣ አስተካክሎ ሰቀለው። አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም። ከዚያ ጭራሽ ባትሪውን አወጣው!

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» ብዬ ጮህኩበት።

አቀርቅሮ የሰው ሰዓት እየጎረጎረ፣ «አሁን በትክክለኛው ሰዓት ደውዬ ባታነሳስ?» አለኝ።

የዚህ፣ ልጄ፣ መልሱ ያለው አንቺ ጋ ነው። እሁድን አትጠብቂ፤ በእኔ ስልክም አይሁን። በሱቁ ስልክ ደውዪ። መቶ ጊዜ ቢጮህ እኔ አላነሳውም።

ደብዳቤውን የትኬት ቢሮዋ ልጅ ነገ ወዳንቺ ስትበር ይዛልሽ ትመጣለች። እግዜር ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ ለሁለታችሁም ልብ ይስጣችሁ፣ ለእኔ ደግሞ ትዕግሥቱን።

የሰለቻት እናትሽ

ልረሳው ነበር። አባትሽ የምጽፈውን እንዳላየ ሆኖ ሲያልፍ ሲያገድም ቆይቶ፣ «ልጅቷ ነገ ደብዳቤውን ይዛ በስንት ሰዓት ነው የምትበረው?» አለኝ። ነገርኩት። በጣቱ አስራ አራት ቆጠረ፤ ደግሞ ሰባት ወደ ኋላ ቆጠረ። አሁን ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን እየመለሰ ነው።