ስለ ተቆረጠው ጫጫታችን

ለተከበሩ አቶ ነቢዩ
የሃቡብ ባንድ ሥራ አስኪያጅ
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ የባንዱን አባላት፣ በተለይም አዲሱን አልበም ፕሮዲዩስ እንዲያደርጉ መርጠው ከዱባይ ያስመጧቸውን አቶ ምንዳዬን፣ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። የካርቱም አቧራ ጉሮሯቸውን እንዳይዘው፣ መብራት በሄደ ቁጥርም ኮምፒውተራቸው እንዳይቃጠልባቸው የዘወትር ጸሎታችን ነው። እኔ ብርቅነሽ እባላለሁ፤ እዚሁ ካርቱም ጀሪፍ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሙን ከዚህ ከተማ አውሎ አቧራ የወሰደው ባንዳችሁ ገና በተውሶ ጊታር ሠርግ ላይ ሮክ ሲጫወት፣ ሙሽራዋ ጆሮዋን ይዛ ሳለ፣ ብቻዬን ቆሜ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። አቶ ምንዳዬ በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ አድማጭ ስለ ፕሮዲዩሰር ምን ያውቃል ብለው ስለ ጻፉ፣ ማን ማን እንደሆንን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከሥሩ ልጀምር። ባንዱን ያሳወቀው ዘፈን መጨረሻው ላይ ጊታሩ ድንገት ዝም ይልና ዘፋኙ ሳዲቅ አገራችሁ የት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ ደግሞ የተወለድንበትን ቦታ ስም ጮክ ብለን እንጠራለን። አንዱ ሁመራ ይላል፣ አንዷ ከሚሴ፣ እኔ ደብረ ታቦር። የቀድሞው ፕሮዲዩሰራችሁ አብዱልወሃብ ያንን ዘፈን የቀዳው ሆን ብሎ በጁምዓ ሐፍላ፣ በጭፈራው ድግስ ላይ ነበር፤ በካፉሪ ቪላዎች የሚሠሩት ልጆች ከሰው ቤት የሚወጡት በጁምዓ ብቻ መሆኑን ያውቃላ። በዚያ ቅጂ ላይ ከሁላችን ጎልታ ባቲ ብላ የምትጣራው ሬሕማ ናት። የምትሠራበት ቤት ማዳሟ ስልክ አትወድም፤ በጁምዓ ብትደውልም መስመሩ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ እናቷ ባቲ ሆነው ያንን ዘፈን ከገጻችሁ ላይ በጎረቤት ልጅ ያስከፍቱና ይቀመጣሉ። ጊታሩ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ቢሆንም የልጃቸው ድምፅ እስኪመጣ ድረስ ንቅንቅ አይሉም።

አቶ ምንዳዬ ይህንን ዘፈን አድሰው በአዲሱ አልበም ሊያወጡት ነው፤ ናሙናውን ባለፈው ለቃችሁ ሰምተነዋል። የእኛ ድምፅ የለበትም። ኮምፒውተር ያጨበጭባል፣ ከዚያም አንድ አፍ ያለው የሚመስል ሕዝብ አዲስ አበባ ይላል። የድሮውንም ቅጂ ከገጻችሁ አንሥታችሁታል። በዚህ የተነሣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ድምፃችንን ጫጫታ ብላችሁ ስላጸዳችሁት እናመሰግናለን። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጸዱ የሚውሉት ልጆች ለአንድ ጊዜ እንኳ ራሳቸው መጽዳታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፦ ሁላችንንም ያለ ቀበሌና ያለ መታወቂያ የአዲስ አበባ ልጆች ስላደረጋችሁን እግዜር ይስጥልን። እኔ በመተማ በኩል ስመጣ አዲስ አበባን በመስኮት እንኳ አላየኋትም።

ሦስተኛ፦ ይህን ያህል የሚቆጫቸው ከሆነ ለምን በቀረጻው ቀን አልመጡም ማለትዎን ሰምተናል። ቀረጻው እሁድ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ዱባይ እሁድ እረፍት ነው አሉ። እዚህ እሁድ የሥራ ቀን እንደሆነ፣ እኛ ክርስቲያኖቹ እንኳ ጎህ ሳይቀድ ተሳልመን ወደየሥራችን እንደምንሮጥ ለእንግዳው የሚነግራቸው ሰው ጠፋ፤ እርስዎም ካርቱም ያረጁ ሰው ስለሆኑ ረስተውት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ሕዝቡ ቀረ ተብለን ተወቀስን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል በእኛ አገር።

አራተኛው ስለ ከበሮው ነበር፣ ትቼዋለሁ፤ ከበሮውን የሚደግፍ ሰው አለና። እርግጥ ሁላችንም አንድ ቃል አይደለንም። በዚያች አምጃድ በምትባለው ትንሽ መኪናው ሰው የሚያመላልሰው ሰብስቤ የአቶ ምንዳዬ ዋና ጠበቃ ነበር። ባንዱ በዓለም ደረጃ እንዲሰማ ከተፈለገ የጀሪፍ ጩኸት መቅረት አለበት እያለ፣ ዘህማው፣ የመኪናው መጨናነቅ፣ አላንቀሳቅስ ባለን ቁጥር መሪውን ለቆ ይከራከረኛል። ከበሮው ጠርቷል፣ ጊታሩ ጠርቷል ይለኛል፤ እውነት ነው፣ ጠርቷል፣ ሐቁን አልክድም። ባለፈው ጁምዓ ግን ሬሕማን ወደ ካፉሪ ሲመልሳት አዲሱን ቅጂ ከፈተላት፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ጊታሩ ዝም ሲል አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። አዲስ አበባ የሚለው ማሽን አለፈ፤ ዘፈኑም አለቀ። እማዬ የሞትኩ ይመስላታል አለች፣ ቀስ ብላ። ሰብስቤም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዓለም ደረጃ አንሥቶ አያውቅም።

እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው ብሞክርም ተናድጃለሁ። የምንለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የድሮውን ቅጂ ወደ ገጻችሁ መልሱልን፤ አዲሱንም፣ አቶ ምንዳዬ ማሽናቸውን ይዘውም ቢሆን፣ በአንድ ጁምዓ ከእኛ ጋር ቅዱት። ጁምዓ ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ደብዳቤዬንም እንደ ድምፃችን ሳይቆርጡ እስከ መጨረሻው ያነብባሉ ብዬ ስለማምን ስለ ትዕግሥትዎ ጭምር፣ ከስፌት መኪናዬ ብድግ ብዬ፣ መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ እጅ እነሣለሁ።

በገዛ እጇ የምታጨበጭብ አክባሪዎ፣
ብርቅነሽ፣ ልብስ ሰፊዋ
ጀሪፍ፣ ጥር ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የአልበሙ ምረቃ የፊታችን ጁምዓ እንደሆነ ማስታወቂያችሁን አይተናል። ለቀረጻ ጊዜ የጠፋችሁ ጁምዓ ለምረቃው ስለ ተገኘች ደስ ብሎናል። ኢንሻአላህ አንድም ሰው አንቀርም፤ ሰብስቤ ሬሕማንና ጓደኞቿን በአምጃዱ ያመጣቸዋል፣ እኔም ከፊት ወንበር ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ሳዲቅ ጊታሩን ዝም አሰኝቶ አገራችሁ የት ነው ብሎ ሲጠይቀን እጃችንን አጣጥፈን፣ ጫጫታ እንዳንሆንባችሁ አፋችንን ይዘን እናየዋለን። ኮምፒውተሩ ይመልስለት።