የፍሪጁ በር ጎማ

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት።

ፍሪጃችን አላቀዘቅዝ ብሎ፣ እናትሽ የስኳር መድኃኒቷ እንዳይበላሽባት እህትሽ ቤት ልትገባ ሻንጣዋን አዘጋጀች። እኔ ሳየው የበሩ ጎማ ተሰንጥቋል። ሶኬቱን ነቀልኩ፤ አዲስ ጎማ ገዝቼ፣ በሙቅ ውሃ አለስልሼ ራሴ ገጠምኩት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጭራሽ ልትገድለው ነው!» አለችኝ እናትሽ።

ወረቀት አስነክሼ በሩን ዘጋሁና «እስቲ ሳቢው» አልኳት። ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ስቃ «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ዛሬ ውሃው ጥርስ ይቆረጥማል፤ መድኃኒቷም ገብቷል።

ሻንጣዋ ግን እስካሁን አልተፈታም። እኔ ፍሪጅ እጠግናለሁ እንጂ «አትሂጂብኝ» ማለት አይሆንልኝም። ደውለሽ አንቺ በይልኝ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጄ።

አባትሽ