የክፉ ሕልም ወጥመድ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ
ዝናብ። ኪስታ ገበያ ሄጄ ጫማ ለካሁ፣ ሳልገዛ ተመለስኩ። ልጄ ሚካል ዛሬም ከክፍሏ አልወጣችም። ሠርጓ ሲቃረብ እጮኛዋ ጥሏት፣ እዚህ ሁስቢ ሰፈር እኔ ቤት ተመልሳለች። ምን ይባላል እንግዲህ? «አይዞሽ» አልኳት። «እም» አለች። እም... ስዊድንኛ ነው አማርኛ?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ
ሚካል እጮኛዋ ከነበረው ሰውዬ ጋር የተመዘገበችበት የእጅ ሥራ ኮርስ ነገ ብሬዴንግ ሰፈር ይጀምራል። ልትቀር ነው። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። ምን ነካኝ? አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ከክር ጋር ምን አገናኘው?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
«ድረምፎንጋሬ» ይሉታል። የሕልም ወጥመድ መሆኑ ነው። ቀለበት ላይ ክር እንደ ሸረሪት ድር ይጠላለፋል፣ ከታች ላባ ይንጠለጠላል። ከአልጋ በላይ ሲሰቀል ክፉ ሕልም ይይዛል የሚሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው አለች አስተማሪዋ ኤቫ። ወንድ እኔ ብቻ። የኔ ድር ቀዳዳው ሰፊ... ቅዠት ከነቤተሰቡ ያሳልፋል። ሚካል አየችው። አልሳቀችም። ክሩን ከእጄ ወስዳ አጠበቀችልኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ገባኝ! ለካ ክሩን ሳያላሉ በፊተኛው ዙር መሃል መሃል ማሳለፍ ነው። ላባው የዶሮ ነው። ዶሮዋ ራሷ ምን ሕልም አይታ ነው እዚህ የደረሰችው ብዬ ኤቫን ጠየቅኩ። ኤቫ አልገባትም። ሚካል ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ጓደኛዬ ዕንባቆም ከቅዳሴ መልስ ብቅ አለ። ሳሎን የሰቀልነውን ወጥመድ አይቶ ጥንቆላ ነው፣ አውርደው፣ ለንስሐ አባትህ እናገራለሁ አለ። ሚስቱ ቅዠት ፈርታ ትራሷ ሥር ቢላ አድርጋ እንደምትተኛ አውቃለሁ። እኔ ግን ጭራሽ ላወርደው እጄን ሰደድኩ። ፈሪ። ሚካል ከክፍሏ ወጣች።
«ጋሼ ዕንባቆም፣ እኔና አባዬ ነን የሠራነው። አይወርድም።»
ስዊድንኛ የሚቀናት ልጅ፣ በአማርኛ! ዕንባቆም ቁጭ አለ። እኔም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ
ያ ሰውዬ ደወለ። አላነሳችም። ሥራ ሄደች።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ሚካል ብሬዴንግ ቤት አገኘች። በአንድራሃንድ ይሉታል፣ ዋናው ተከራይ እስኪመለስ ከእሱ መከራየት ነው። አልጋዋን እኔና ዕንባቆም ተሸከምን፤ እሱ እያማረረ። የአልጋውን ብሎን አጠበቅኩ፣ መስኮቱን ፈተሽኩ፣ መብራቱን አበራሁ፣ አጠፋሁ... ዕንባቆም ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩንባ ይነፋል። ሚካል ትከሻዬን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ።
«አባዬ፣ ሂድ በቃ። ልተኛ።»
ከቤቷ አባረረችኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም... ደረጃው ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩና ወረድኩ።