የረጠበው ዱቄት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? ያ የማለዳ ሳልስ ለቀቀሽ? ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ከሰኞ ወዲህ ግን የሚያናግረኝ ሰው የለም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እዚህ የውሃ ቧንቧ እንደምንሠራ ታውቂያለሽ። የእኔ ሥራ ፕላስቲኩ ውስጥ በዓይን የማይለይ፣ እጅግ የላመ የሸክላ ዱቄት ማስገባት ነው። ዱቄቱ በደንብ ከተሰራጨ፣ ስንጥቅ ሲነሳ መንገድ ይዘጋበትና ቧንቧው አይበገርም። የቀለጠው ፕላስቲክም ስለሚወፍር ማሽኑ እያቃሰተ ነው የሚገፋው። ዱቄቱ ከተጓጎለ ግን እያንዳንዱ ጓል የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

ሰኞ ዕለት የማሽኑ ሠራተኛ፣ ምሳ አብሮኝ የሚበላው ብቸኛ ሰው፣ “ዶክተር፣ ዛሬ እንደ ውሃ ቀጥኗል፤ ማሽኑም አላቃሰተም። ዱቄቱ የተዋሃደ አይመስለኝም” አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ሃያ ዓመት የተማርኩትን በጆሮህ ልታስተምረኝ ነው?” አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። “እሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ” ብሎኝ ሄደ።

ቧንቧዎቹ ሲፈተኑ እንደ ብስኩት ተሰባበሩ። ደሜ ፈላና፣ “የዱቄቱን መጠን ያዛባው የማሽኑ ሠራተኛ ነው” ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ጻፍኩ። ሰውየው ታገደ፤ ነገ የስንብት ደብዳቤ ይሰጠዋል።

ትናንት ስባሪውን አቃጥዬ፣ ሸክላው ስለማይነድ የቀረውን አመድ መዘንኩት። የዱቄቱ መጠን ልክ ነው። በማይክሮስኮፕ ሳየው ግን ጓል በጓል ሆኗል። ያኔ ትዝ አለኝ። ዱቄቱ እርጥበት እንዳያጓጉለው አስቀድሞ ምድጃ ገብቶ መድረቅ ነበረበት፤ “ጊዜ የለንም፣ እንዳለ አስገባው” ያልኩት እኔ ነኝ! የሰው ስህተት ስለቅም የምውለው ሰውዬ። ልጅ ሆኜ ዱቄት ሳልነፋ ሳመጣልሽ፣ “ቸኩለህ ያመጣኸውን ቁጭ ብለህ ትለቅመዋለህ” ትይኝ ነበር።

ዛሬ ምሳ ሰዓት የእሱ ወንበር ባዶ ነበር። የምሳ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰዎች ቆመው ሲበሉ እንኳ ማንም አልተቀመጠበትም።

የመጀመሪያውን ጽሑፌን የሚሽር ሌላ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ነገ ጠዋት፣ ስንብቱ ሳይወጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አነበዋለሁ፤ ያዋረድኩት በሰው ፊት ነውና። በእሱ ፈንታ እኔን ቢያሰናብቱኝ ይገባኛል። የምፈራው ሌላ ነው፤ ተመልሶ መጥቶ ምሳውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ እንዳይፈታ።

ለባልሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ቀልዱ ናፍቆኛል። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጪና “ከአጎትህ ነው” በይው። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ይህን ግን አታንብቢላት፤ “ያ ግንፍል ዛሬም አልበረደም?” ትላለች።

ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፱ ቀን