የኤሊፍ ቀይ መቀነት

ሰኞ

ኤሊፍ መስተዋቱ ፊት ቆማ ቀዩን መቀነት ከወገቧ ፈታችና ወንበሩ ላይ ጣለችው። "ይሄን አላስርም።" እናቷ አንገቷን ደፋች። እኔ የቀሚሷን ጫፍ እየለካሁ አፌ በስፒል ተሞልቶ ስለነበር ዝም አልኩ። ባይሞላስ ምን እል ነበር?

ሠርጉ ቅዳሜ ነው። እዚህ ስዊድን፣ ፊቲያ በሚባል ሰፈር፣ በቱርኮች የሙሽራ ልብስ ቤት ስሰፋ ዓመታት አለፉኝ። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ወንድሟ ወይም አባቷ ነጩ ቀሚስ ላይ ቀይ መቀነት ያስርላታል። ድንግል ናት ማለት ነው። ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም፣ ግን ሁሉም ያውቃል። ኤሊፍ ወንድም የላትም፤ አሳሪው አባቷ ኢብራሂም ነው።

እናቷ ወጣ ስትል ኤሊፍ በስዊድንኛ እንዲህ አለችኝ፦ "እኔ ነርስ ነኝ። የራሴን ገላ ነገር ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ለምን አውጃለሁ?"

ማክሰኞ

ኢብራሂም ራሱ መጣ። ባለሱቋ ሴቪም ሻይ ቀዳችለት፤ አልነካውም። ለልጁ ያልተናገረውን ለእኛ ተናገረ። "ያለ መቀነት ከሆነ ሠርጉ ላይ አልገኝም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጽጌ፣ እናንተም ባህል ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። አንቺን ትሰማሻለች፣ ምከሪያት።"

"እሺ" ብዬ አመለጥኩ። ፈሪ ነኝ።

ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሮግስቬድ ስመለስ፣ ስሉሰን ጣቢያ ላይ ባቡር ስቀይር፣ የታላቅ እህቴ የውብዳር ሠርግ መጣብኝ። ሚዜዎቹ ደም የነካ ጨርቅ ይዘው እየጨፈሩ እናታችን ቤት ሲገቡ። ብር አምባር። እናቴ እልል አለች፤ እኔም ልጅ ነበርኩና አብሬ ዘለልኩ። የውብዳር ግን ስለዚያች ሌሊት እስከ ዛሬ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አሁን አዲስ አበባ ያሉት ልጆቿ ይሄ ቢነገራቸው የሚያምኑ አይመስለኝም። ልማዱ ቀርቷል። ማን እንዳስቀረው፣ መቼ እንደቀረ፣ ማንም አላወጀም።

ሐሙስ

የኢብራሂም ታላቅ እህት ሃቲጄ ከቱርክ ገቡ። እስከ ዛሬ ከተወለዱባት ትንሽ ከተማ ወጥተው የማያውቁ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ አሮጊት ናቸው። ኤሊፍ "አክስቴ ከመጣች አለቀልኝ" ስትል ነበር የሰነበተችው።

ዛሬ የራሳቸውን ቀሚስ ሊያሳጥሩ ከወንድማቸው ጋር ሱቅ መጡ። መቀነቱን ጠረጴዛ ላይ አዩት፣ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ሴቪም ትተረጉምልኛለች።

"አሁንም ይሄን ታስራላችሁ?"

ኢብራሂም ተሳስቶ የሰማ መስሎት "ምን?" አለ።

"የሚያስሩ አሉ፤ እኛ ጋ ግን የልጅ ልጄ ሳታስር ነው ያገባችው። ጓደኛዋ ደግሞ ሰማያዊ አሰረች፣ ለጌጥ። የልጅ ልጄ ባሏንም ራሷ መርጣ ነው ያሳየችን። ምን ይሄ ብቻ፣ እኔስ ጎረቤቴ ቤት የምሄደው ደውዬ አይደለም? ድሮ በር ማንኳኳት እንኳ መች እናውቅ ነበር?"

"አባታችን ቢያይ ምን ይል ነበር?"

"አባታችን አርፏል፣ ኢብራሂም።" ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። "አንተ በሄድክ ቀን የነበረውን አገር ይዘህ ነው እዚህ የተቀመጥከው።"

ኢብራሂም ሙሽሮች የሚለኩበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ምንድን ነው?" አለ።

 

ዓርብ

ኤሊፍ ደወለች። አባቷ ከትናንት ጀምሮ ቃል አልወጣውም። ይምጣ ይቅር አታውቅም። "እሱ ከሌለ ያለ መቀነት ማግባቱም ምን ያደርግልኛል?" አለች።

ያን ጊዜ ስለ የውብዳር ነገርኳት። ለገዛ ልጄ እንኳ ነግሬ የማላውቀውን። በስዊድንኛ ሲነገር ቀለል ይላል መሰለኝ፤ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ። አልመከርኳትም፣ ነገርኳት ብቻ።

ቀሚሱን ስጠቀልል መቀነቱን አብሬ ላድርገው አላድርገው ብዬ ቆምኩ። ሳጥኑ ውስጥ አላስገባሁትም።

ቅዳሜ

ላለብሳት ቤታቸው ሄድኩ። ከበሮና ዙርና የሚሉት መለከታቸው ውጭ ይጮኻል። ኢብራሂም ሱፍ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። መጥቷል። ግን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም፤ ኪሱ ይከታል፣ ያወጣል። ገባኝ። በዚች ሰዓት አባት የሚሠራው አንድ ሥራ ነበረው፤ ያንን ነው የወሰድንበት።

ኤሊፍም አየችው። እናቷ ልታጠልቅላት የያዘችውን የወርቅ አምባር ተቀበለችና ወደ አባቷ ሄደች። "አባዬ፣ አንተ ዝጋልኝ።"

መነጽሩን አደረገ። የአምባሩ መቆለፊያ ትንሽዬ ነው፣ ጣቱ ወፍራም። ላግዘው እጄን ስዘረጋ፣ "ተይ፣ እኔው" አለኝ። ብዙ ቆየ። ሲዘጋ እጇን አልለቀቀም፣ እንደያዛት ደረጃውን ወረዱ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እግሬ አብጧል፤ ትናንት ሃቲጄ እየጎተቱ ሲያስጨፍሩኝ አመሹ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣልኝም። አዳራሹ ውስጥ አንድ የአገራቸው ሽማግሌ "መቀነቱስ?" ብለው ኢብራሂምን ጠየቁት። ሴቪም ናት የነገረችኝ። እሱም፣ "በጥድፊያ ቤት ተረሳ" አላቸው። ኤሊፍ ከጀርባው ቆማ ሰምታዋለች።

ብትናገር ያፍራል፤ ዝም ስትል ደግሞ ውሸቱ የእሷም ሆነ። ተከፍታ ይሁን ራርታለት አላውቅም። ብቻ ከዚያ በኋላ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፤ እሱም ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት፣ ከአንድ ሳህን በሉ።