ስሙን አምኜ ያቃጠልኩት መኪና

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ያ የሥራ ቦታሽ ደረጃ መውጣትና መውረድ አሁንም ያደክምሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ናፍቆታችን በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። እኛም ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ የዋሸሁሽ ይበቃል። «መኪናው እንዴት ነው?» ባልሽኝ ቁጥር «እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው» እልሽ ነበር። እታለም፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ።

መኪናውን ልትገዢልን ስትነሺ ያወራነውን ታስታውሻለሽ። የባልሽን ሆንዳ እያመሰገንሽ፣ ስለ ማዝዳውም ስለ ሱዙኪውም ሰው ጠይቀሽ፣ በመጨረሻ «ሹፌሩ አንተ ነህ፣ አንተው ምረጥ» አልሽኝ። እኛ ታክሲ ተራ ላይ ደግሞ የመኪና ስም እንደ እናት ስም ነው፤ ሰው ይጣላበታል። አንዱ ለአቀበት ኒሳን ይላል፣ ሌላው ለጭነት ሚትሱቢሺ ይላል፣ እኔ ቶዮታ ብዬ ሙጭጭ። ዕድሜያቸውን በአንድ አሮጌ መኪና የጨረሱት፣ አባ ዳትሰን የምንላቸው ሽማግሌ ሹፌር ብቻ «ልጄ፣ ጃፓኖቹ ሁሉም እህትማማች ናቸው፤ የሚገድላቸው ባል ነው» አሉኝ። «እርስዎ ጣሳዎን ይንዱ!» ብዬ ሰው አሳቅሁባቸው።

ቶዮታው ሲመጣ እውነትም ወርቅ ነበር። ይህ መኪና አይሞትም ሲሉ ሰምቼ፣ እኔ ሞኙ አይጠማም ማለት መሰለኝ። የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ማርጀቱን ከእኔ ቀድማ ያየችው ባለቤቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ የሚንጠባጠበውን እያሳየች «ኧረ ለመካኒክ አሳየው» ስትለኝ «አንቺ ድስትሽን ጠብቂ» አልኳት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ እማዬን ለኩላሊት እጥበት ይዣት ስሄድ፣ የሆስፒታሉ አቀበት አጋማሽ ላይ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። ማቆም ነበረብኝ። ጫፍ ልድረስ ብዬ ነዳጁን ረገጥኩት። «ምንድን ነው የሚሸተኝ ልጄ?» አለች። «ከፊታችን ያለው መኪና ነው» አልኳት። ወዲያው አንድ ነገር ጓ አለ፣ መስታወቱን እንፋሎት ሸፈነው፣ መኪናው ቀጥ አለ። እማዬን አዝዬ ወጣሁ። ቀልላለች እታለም፣ እንደ ሕፃን ቀልላለች፤ ያበጠ እግሯ ብቻ ነው የሚከብደው። ስንደርስ ተራዋ አልፎ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። በማግስቱ እስኪያጥቧት ድረስ ትራስ ደራርበንላት፣ ቁጭ ብላ ትንፋሽ ስትለምን ቆየች።

መካኒኩ ፈትቶ ሲያየው የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ጠምሟል፤ ሞተሩም ነክሶ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። «መኪናው አልከዳህም፤ አንተ ነህ የከዳኸው» አለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳምንት ያህል እንዲሄድ አድርጎ ሊጠጋግንልኝ እንደሚችል ነገረኝ። «ስሙ ይሸጠዋል። ኮፈኑን የሚከፍት የለም።»

እሺ አልኩ። አልደብቅሽም፣ እሺ አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት አዋላጅ ነርስ ልትገዛው መጣች። መንደር ለመንደር እየዞረች የምታዋልድ ናት። የጃፓኖቹን መኪኖች ሁሉ አወዳድራ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ የእኔውን በእስክሪብቶ ከብባዋለች። መካኒኩ እንዳለውም ኮፈኑን አላስከፈተችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ወንድሜ፣ ሞቆ ያውቃል?» ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አቀበት መሃል ስትቀር ታየችኝ። «ተቃጥሏል እህቴ፣ አትግዢው» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። መካኒኩ መፍቻውን ወረወረው። ቤት ገብቼ ስነግራት ባለቤቴ «ደግ አደረግህ። በል እንግዲህ እውነትህ እማማን ተሸክሞ ሆስፒታል ያድርሳት» አለችኝ።

እጥበቱ በሳምንት ሦስቴ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ የሚያደርሷት አባ ዳትሰን ናቸው። ስለ ስድቤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቅዳሜ ግን ከከተማ ውጭ የሚወስዱት ሰው ስላለ ያለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ቀርተውባታል። ፊቷ አብጧል። ይህን ያስጻፈኝ ግን የትናንቱ ነው። አባ ዳትሰን ደጅ ሆነው ክላክስ ሲያደርጉ ነጠላዋን ላለብሳት ብቀርብ እጄን ያዘችኝና «ይበቃኛል ልጄ። ለአንዲት አሮጊት ስንት መኪና ይቃጠላል?» አለችኝ። ከእንግዲህ አልሄድም ብላለች። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌው ባዶ መኪናቸውን ይዘው ተመለሱ።

በቃሌ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ ስለ ልጆቹ ብቻ አውርቼ ዘጋሁ። ወረቀቱን ትልቋ ልጄ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። እታለም፣ ሌላ መኪና ላኪ አልልሽም፤ ያንን የምልበት አፍ የለኝም። ድምፅሽን ላኪልኝ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አባ ዳትሰን ደጃችን ይቆማሉ። ከዚያ በፊት ደውዪ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውዪና ተነሺ በያት። እኔን አልሰማ ብላለች።

ባለቤትሽን በእኔ ስም እጅ ንሺልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ካኮረፈች ወዲህ ከአፏ የወጣ ደግ ቃል ይኸው ሰላምታ ነው። ትልቋ ጉልበትሽን ትስማለች፤ ትንሹ ጥርሱን መንቀሉን ንገሩልኝ ብሏል። እማዬ እንደምጽፍልሽ አታውቅም፤ የእሷን ሰላምታ ከራሷ አፍ ተቀበዪ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከእማዬ መኝታ በር ሥር
ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን